ያልተቀየሩት ሦስት ውሃዎች

ጠርሙሱን አንስታችሁ ወደ መስኮቱ ብርሃን ብታዞሩት የምታዩት ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው፤ ዝቃጭ የለው፣ አረፋ የለው። ከዚያ ውሃ አንዲት ጠብታ በሚሽከረከር መስታወት ላይ ጥላችሁ ብታደርቋት ግን፣ ኤሌክትሪክን እንደ ቧንቧ ውሃ የምንከፍትበትና የምንዘጋበት ስስ ሽፋን ሆና ትቀራለች። ስንት ጊዜ ቢያዩት የሚሰለች ነገር አይደለም። ይህን ውሃ የሚሠሩት ሰው ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ግራ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ፊዚክስን ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ያልተማሩ ሰው ናቸው። በቤተ ሙከራው ውስጥ ጋሽ ጠብታ ይባላሉ።

ስሙን ያወጣላቸው የመሣሪያዎቹ ጠጋኝ ነው። እሱ ራሱ አንድ ቀን ሽቦ በባዶ እጁ ነክቶ ስለዘለለ ቮልት ይባላል። ጋሽ ጠብታ ፈሳሽ ሲያንጠባጥቡ ቆሞ አየና፣ "እኚህ ሰውዬ መዳፋቸው ውስጥ ሚዛን አለ እንዴ?" ብሎ ዐሥር ጠብታ አንድ በአንድ መዘነ። ዐሥሩም እኩል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ጋሽ ጠብታ ወደዚህ ቤት ከመምጣታቸው በፊት ሃያ ሁለት ዓመት በቀለም ፋብሪካ ቀማሚ ነበሩ። የዘይት ቀለም የሚቀጥነው በማቅጠኛ ነው፤ ማቅጠኛው ይተናል፤ የሚተነውን የሚተነፍሰው ደግሞ ሰው ነው። በዐሥራ አምስተኛው ዓመት ላይ ጋሽ ጠብታ ሽንኩርት ሲጠበስ ማሽተት አቃታቸው። ዛሬም ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ቢያር የሚያውቁት ጭሱን ሲያዩ ነው። ባለቤታቸው፣ "ቤቱ ቢቃጠል አንተ የምትነሳው ወንበሩ ሲሞቅህ ነው" ይሏቸዋል። በኋላ ፋብሪካው የውሃ ቀለም ሲጀምር፣ ቀለሙ በውሃው ውስጥ ሳይረጋ፣ ሳይጓጉል ለወራት እንዲቆይ የሚያደርግ እጅ የተገኘው የእሳቸው ነበር።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ያገኛቸው በዚያ ሙያ ነው። ፋብሪካው ድረስ መጥቶ፣ "ፕላስቲክን አድቅቆ ውሃ ውስጥ ተንሳፎ እንዲቆይ የሚያደርግ ሰው እፈልጋለሁ፤ ፕላስቲኩ ግን ኤሌክትሪክ የሚያስኬድ ዓይነት ነው" አላቸው።

"ኤሌክትሪክ አስኬደ አላስኬደ ለውሃው ምኑ ነው?" አሉት።

ሰውየው ሳቀ። በወሩ ቀጠራቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ፖሊመር የምንለው ረጃጅም ሰንሰለት ያለው ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ ፖሊመር ኤሌክትሪክን ጭራሽ አያሳልፍም፤ ይኸኛው ግን ሲያዙት ያሳልፋል፣ ሲከለክሉት ይከለክላል። ትራንዚስተር የሚሠራውም ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። ችግሩ በውሃ አይሟሟም፤ የሚሟሟው በክሎሮፎርምና በመሳሰሉት መርዛማ ፈሳሾች ነው። ታዲያ ጋሽ ጠብታ ጥቂቱን ፖሊመር በጥቂት ክሎሮፎርም ያሟሙና ሳሙና ያለበት ውሃ ላይ ያፈሱታል። ከዚያ ጣት የሚያህል የብረት ዘንግ ይነከርበታል። ዘንጉ በሴኮንድ ሃያ ሺህ ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ ከጆሮ በላይ ስለሆነ የሚሰማው ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው። ያ ንዝረት ፈሳሹን በዓይን ወደማይታዩ ጠብታዎች ይሰባብረዋል። ሳሙናው እያንዳንዷን ጠብታ እንደ ካፖርት ስለሚያለብሳት ተመልሰው አይጣበቁም። በቀስታ ሲያሞቁት ክሎሮፎርሙ በጭስ መሳቢያው በኩል ተንኖ ይሄዳል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀሩት የፖሊመር እንክብሎች ብቻ ናቸው። አንድ ሺህ እንክብል ጎን ለጎን ቢሰለፍ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። መርዙ በመጀመሪያው ደቂቃ ከጭስ መሳቢያው ሥር ይቀራል እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ሽፋኑን የሚያነጥፈው ሰው የሚተነፍሰው የውሃ እንፋሎት ነው። ጋሽ ጠብታ ሥራውን የወደዱት ለዚህ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ አፍንጫቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "የእኔ አፍንጫ የሞተው ይሄ ባለመኖሩ ነው" ይሉታል።

ቀሪው ጣጣ ሳሙናው ነው። ሥራውን ጨርሶ "በሉ ደህና ዋሉ" የማይል እንግዳ ነው። እንክብሎቹን ይዞ ይቀመጣል፤ ሲደርቅም ሽፋኑ መሃል ይቀራል። ስለዚህ ሰማያዊው ውሃ እንደ አንጀት በቀጠነ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ጫፎቹ ይታሰሩና ንጹሕ ውሃ የሞላበት ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ይነከራል። የከረጢቱ ቀዳዳዎች እንክብሎቹን አያሳልፉም፤ ሳሙናውን ግን ያሳልፋሉ። ሳሙናው ቀስ እያለ ወደ ንጹሑ ውሃ ይወጣል፤ ውጭውና ውስጡ እኩል ሲሆን ይቆማል። ያን ጊዜ የውጭው ውሃ ይደፋና በአዲስ ይተካል። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አንድ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ አንድ፣ ለአምስት ቀን። ዐሥር ውሃ።

ለምን ዐሥር? አንዱ ውሃ ከቀረው ሳሙና ግማሹን ይወስዳል እንበል። ሁለተኛው የግማሹን ግማሽ ይወስዳል። እንዲህ እያለ ዐሥር ሲሞላ ከመጀመሪያው ሳሙና የሚቀረው ከሺህ አንዱ ያህል ነው። ታዲያ ከዐሥሩ ሦስቱ ቢዘለሉ፣ "ምን አለበት፣ ሰባቱ ተሠርቷል" ያሰኛል። አይደለም። በእያንዳንዱ የተዘለለ ውሃ የሚቀረው ሳሙና በእጥፍ ያድጋል፤ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት። ሦስት ውሃ የዘለለ ሰው ስምንት እጥፍ ሳሙና ትቶ ሄዷል ማለት ነው።

ከብርጭቆው ጎን መዝገብ አለ። ዐሥር ረድፍ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የ"ተቀይሯል" ምልክትና ፊርማ። በዚያ ቤት የታወቀ ሕግ አለ፦ መዝገብ ላይ በእርሳስ አይጻፍም፣ የተጻፈም አይፋቅም። የተሳሳተ ሰው ስህተቱን በአንድ መስመር ይሰርዘዋል፤ ከሥር ያለው መነበብ አለበት።

ዘጠነኛው ቅምር፣ ማለትም ጋሽ ጠብታ ለዘጠነኛ ጊዜ የቀመሙት ሰማያዊ ውሃ፣ ከረጢት የገባው ሐሙስ ጧት ነበር። ሐሙስ ሁለት፣ ዓርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ጧት አንድ ውሃ ተቀየረለት። ጋሽ ጠብታ ቅዳሜ ለምሳ ቤታቸው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጣለ። ጉልበታቸው ጠዘጠዛቸው፤ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ መሄድ፣ አራት ፎቅ በደረጃ መውጣት፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ደፍቶ መመለስ ታያቸው። "እስከ ነገ ቢቆይ አይፈላ፣ አይገነፍል" አሉ። እሑድ ጧት ፀሐይ ወጣ። ጉልበታቸውም ተሻላቸው። ግን አንዱ አንዴ ካመለጠ ሁለተኛው ምን ያደርጋል የሚል ነገር መጣባቸው፤ የታችኛው ቤት ጎረቤታቸውም የዳማ ገበታውን ደጃፍ ላይ ዘርግቶ ጠራቸው። ሦስት ጨዋታ ተጫወቱ። ዐሥር ሰዓት ሲያልፍ ሰዓታቸውን አይተዋል፤ ማየቱን አይተዋል።

ሰኞ ጧት ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ውሃውን ቀየሩ። ከዚያ መዝገቡን ገልጠው ሦስቱን ባዶ ረድፍ ሞሉ። ሦስቱን በአንድ እስክሪብቶ ቢጽፏቸው በአንድ ቁጭታ የተጻፉ ይመስላሉ ብለው፣ የቅዳሜውን በሰማያዊ፣ የእሑድ ጧቱን በጥቁር፣ የእሑድ ከሰዓቱን ከጎረቤት ጠረጴዛ በተዋሱት ወፍራም እስክሪብቶ ጻፉት። በሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አድርገው አያውቁም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል በጥንቃቄ ያደረጉት።

ቅምሩን ለክታ የምታየው ትንሿ ዶክተር ናት። ቁመቷ አጭር ስለሆነና ዶክተር ለመባል አንድ የመመረቂያ መጽሐፍ ስለሚቀራት ነው እንዲህ የሚሏት። ጠብታውን በሚሽከረከር መስታወት ላይ ጥላ ሽፋን ታነጥፋለች፤ በጋለ ሰሌዳ ላይ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ ሦስት መርፌ ታስነካዋለች። አንዱ መርፌ ኤሌክትሪኩ የሚገባበት ምንጭ ነው፤ አንዱ የሚወጣበት መውረጃ ነው፤ ሦስተኛው በር ይባላል። በሩ ላይ ቮልቴጅ ሲጨመር በሽፋኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፣ ሲቀነስ ይቆማል። ይኸው ነው ትራንዚስተር ማለት፤ የቧንቧ እጀታ። ቮልቴጁን ወደ ላይ ስትወስደው አንድ መስመር ይሳላል፣ ወደ ታች ስትመልሰው ሌላ መስመር። ጥሩ ትራንዚስተር ሁለቱ መስመሮች የሚተኙበት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ።

ዘጠነኛው ቅምር በሩ ሲከፈትለት ከቀዳሚዎቹ ሃያ እጥፍ ኤሌክትሪክ አፈሰሰ። ሁለቱ መስመሮች ትንሽ ይራራቁ ነበር፤ አፉን እንደከፈተ ሰው። ማን ያንን ያያል? ትንሿ ዶክተር ማድረቂያውን በዚያ ሳምንት በዐሥር ዲግሪ ጨምራ ስለነበር ምክንያቱ ሙቀቱ ነው ተባለ። ኃላፊው የመስመሮቹን ሥዕል በትልቁ አሳትሞ የመግቢያው በር ላይ ለጠፈው። የጋሽ ጠብታን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ "እጅዎ ይባረክ! ይሄ የእርስዎ እጅ ነው" አላቸው።

ጋሽ ጠብታ፣ "ኧረ የሁላችንም ነው" አሉ። ያን ቀን ያፈሩት በሦስቱ ምልክት ብቻ ነበር። ውጤቱ ካማረ የተዘለለው ውሃ ጉዳት አላመጣም ማለት ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ግን በየጧቱ በዚያ በር ሲገቡ ሥዕሉን ላለማየት ቦርሳቸው ውስጥ ያልጠፋ ቁልፍ ይፈልጉ ጀመር።

ከዚያ አራት ወር መጣ። ዐሥረኛው ቅምር ከረጢት ሲገባ ጋሽ ጠብታ አንድም ውሃ አላጓደሉም። እንደ በደለኛ ሰው ተግተው፣ በሰዓቱ፣ በደቂቃው ቀየሩ። የተለካው ግን የድሮው ሆኖ ተገኘ። ዐሥራ አንደኛውም። ዐሥራ ሁለተኛውም። ትንሿ ዶክተር ሙቀቱን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፣ መስታወቱን ሁለት ጊዜ አጠበች። የመጽሐፏ ትልቁ ምዕራፍ በዘጠነኛው ላይ ተጽፎ አልቋል፤ ደግማ ማሳየት ግን አልቻለችም።

ቮልት መሣሪያውን ሦስት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። "ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሽው" አላት። "መሣሪያዬ እንደሆነ ከአንቺ የበለጠ ጤነኛ ነው።"

"ታዲያ ማነው የታመመው?"

"እኔ እንጃ። ጋሽ ጠብታ አይደሉም፤ እሳቸው እንደ ፀሐይ ናቸው፣ አይዘገዩም አይቀድሙም።"

ኃላፊውም ይህንኑ በሌላ አነጋገር ተናገረ። "ቅምሩ አንድ ነው፤ መዝገቡ ሙሉ ነው። የቀረው ሽፋኑን የሚያነጥፈው እጅ ነው። እጅሽን እይው እስቲ" አላት። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የወረቀቱን ምስክርነት አምኖ ነው።

ከዚያ ወዲያ ትንሿ ዶክተር እጇን ታየው ጀመር። የእጅ ቅባት መቀባት ተወች። ጥፍሯን ከሥሩ ቆረጠች። ጓንት በጓንት ላይ ደረበች። ጠብታ ስትጥል ትንፋሿን ትይዛለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ ጠብታ ጠረጴዛ መጥታ፣ "ጋሼ፣ እባክዎ ሲሠራ እጄን ይዩልኝ። የቱ ጋ ነው የምሳሳተው?" አለቻቸው።

ሄዱ። ከጎኗ ቆመው አዩ። ጠብታዋ ክብ ነበረች፣ ከመስታወቱ መሃል ላይ ነበር ያረፈችው፣ ከፍታዋም ልክ ነበር። እንከን አልነበረውም። ልጅቷ ዓይን ዓይናቸውን ስታይ ግን ዝም ማለት አቃታቸው፤ ዝም ካሉ ጥያቄው ወደ እሳቸው የሚዞር መሰላቸው።

"ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጣይው" አሉ።

"ዝቅ?"

"አዎ፣ ትንሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ጋሽ ጠብታ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍተው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከሦስቱ ምልክት ይልቅ ዛሬም ሲያስታውሱት አንገታቸውን የሚያስደፋቸው ይህ ነው።

በወሩ መጀመሪያ ላይ ኃላፊው የመጨረሻውን ቀን ቆረጠላት። እስከ ወሩ መጨረሻ ዘጠነኛውን ከደገመች ደገመች፤ ካልሆነ ምዕራፉ ከመጽሐፉ ይወጣል፣ ምረቃዋም በአንድ ዓመት ይገፋል። እሷ ደግሞ ለቮልት፣ "ይሄ ሙያ ለእጄ አልተፈጠረ ይሆናል፤ ማስተማር ብገባ ይሻለኛል" ስትል ጋሽ ጠብታ በግድግዳው ወዲያ ሰሙ።

የዚያን ዕለት ቤታቸው ሲደርሱ ባለቤታቸው ከሥራ ተመልሰው እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው በሆስፒታል የልብስ እጥበት ክፍል አለቃ ናቸው፤ በቀን ስድስት መቶ አንሶላ በእጃቸው ያልፋል። ደክሟቸው ስለነበር ወሬው ከአፋቸው ይፈስ ነበር።

"ያ አዲሱ የማሽን ሠራተኛ ጉድ ሠራኝ፤ ቶሎ ለመጨረስ አንዱን ማለቅለቂያ እየዘለለው ኖሯል ለካ። እና ምን እንደሚገርም ታውቃለህ? የሱ አንሶላ ከሁሉም ያምር ነበር። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ወረቀት። እኔው ራሴ አሞግሼዋለሁ። በኋላ በሽተኞቹ ማከክ ሲጀምሩ አንዱን ውሃ ውስጥ ብነክረው አረፋው ገነፈለ። ያሳመረው ሳሙናው ነበር።"

የጋሽ ጠብታ ዳቦ የያዘ እጅ በአየር ላይ ቀረ። ነገሩ በአንዴ ተገጣጠመላቸው። ሳሙናው የጨው ዝርያ ነው፤ ኤሌክትሪክ የቋጠሩ ቅንጣቶች አሉት። የትራንዚስተሩ በር ላይ ቮልቴጅ ሲጨመር እነዚያ ቅንጣቶች ሽፋኑ ውስጥ እየተጎተቱ ይሄዱና በሩን ከልኩ በላይ ይበረግዱታል፤ ሃያ እጥፍ የመጣው ከዚያ ነው። ቮልቴጁ ሲመለስ ደግሞ እነሱ እያዘገሙ ስለሚመለሱ ሁለቱ መስመሮች አይገናኙም፤ የተከፈተው አፍ የመጣው ከዚያ ነው። ሥዕሉ በመግቢያው በር ላይ አራት ወር ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲናገር ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ።"

ነገሯቸው። ዝናቡን፣ ዳማውን፣ ምልክቶቹን። እስክሪብቶዎቹ ላይ ሲደርሱ ባለቤታቸው እግራቸውን ከውሃው አወጡ።

"ሦስት እስክሪብቶ?"

"ሦስት።"

"እስክሪብቶ መቀያየር ሳይከብድህ ውሃ መቀየር ከበደህ?"

ጋሽ ጠብታ ዳቦውን አስቀመጡ።

"ልጅቷስ?"

"እጇን ነው የምትወቅሰው።"

"አንተስ ምን አልካት?"

እሱንም ነገሯቸው። ሲናገሩትም ወደ ግድግዳው ዞረው ነበር። ባለቤታቸው ፎጣውን አንስተው እግራቸውን ማድረቅ ጀመሩ፤ ጣት በጣት፣ በቀስታ። "ዓይንን በጨው መታጠብ ሲባል እሰማ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "በሳሙናም ይቻላል ለካ። ነገ ሂድና ንገራት። ለአለቃህ አይደለም መጀመሪያ፤ ለሷ።"

በማግስቱ ጋሽ ጠብታ የመለኪያውን ክፍል በር አንኳኩተው ገቡ። ትንሿ ዶክተር ብቻዋን ነበረች፤ ጓንት በጓንት ላይ ደርባለች።

"ልጄ፣ ዘጠነኛው ቅምር ላይ ሦስት ውሃ አልቀየርኩም" አሉ። "መዝገቡን የሞላሁት ሰኞ ጧት ነው፣ በሐሰት። ሃያ እጥፉን ያመጣው የቀረው ሳሙና ነው ብዬ አምናለሁ።"

የያዘችውን መስታወት አስቀመጠች። ከዚያ ማስታወሻዋን ሳበች። "የትኞቹ ሦስት?"

"የቅዳሜ ከሰዓት፣ የእሑድ ጧት፣ የእሑድ ከሰዓት።"

ጻፈች። "ለምን?"

"ዝናብ ነበር፤ ጉልበቴ ደግሞ..."

"እሑድም ጉልበትዎ ነው?"

ጋሽ ጠብታ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት። "የለም። እሑድ ዳማ እጫወት ነበር።"

"አሸነፉ?"

ይህን ጥያቄ አልጠበቁትም። "አሸነፍኩ" አሉ። "ሦስቱንም።"

እሱንም ጻፈችው ወይም የጻፈች መሰላቸው። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እጄን አይተው 'ዝቅ አድርጊው' ያሉኝስ ጋሼ?"

"እሱም ውሸት ነው። እጅሽ ምንም አልነበረበትም። ያን ቀንም፣ ከዚያ በፊትም።"

የላይኛውን ጓንት አወለቀች፤ ከዚያ የታችኛውን። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው ተቆርጠው ነበር። መዳፏን ገልብጣ አየችው። "አራት ወር ይሄን እጅ ስጠላው ከረምኩ" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ለጋሽ ጠብታ ይቀላቸው ነበር።

ከዚያ ያደረገችው ነገር እንዲህ ዓይነቱን ሥራ የሚያውቅ ሰውን ያስደስታል። ጋሽ ጠብታን ልመን ወይስ አልመን ብላ አልተቀመጠችም፤ ለመፈተን ተነሳች። ማቀዝቀዣው ውስጥ ከዘጠነኛው ቅምር የቀረች አንድ ጠርሙስ ነበረች። ለሁለት ከፈለቻት። ግማሹን እንዳለ ተወችው፤ ግማሹን ከረጢት ውስጥ አስገብታ የጎደሉትን ሦስት ውሃዎች እንዲቀይሩላት ለጋሽ ጠብታ ሰጠች። ሦስቱንም ጊዜ ከአጠገባቸው ቆማ አየች። ደግሞ በተቃራኒው ሄደች፦ በደንብ ከታጠበው ከዐሥራ አምስተኛው ቅምር ጥቂት ወስዳ እያወቀች ሳሙና ጨመረችበት። ጥፋተኛው ሳሙናው ከሆነ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ መውረድ፣ የሁለተኛው መውጣት አለበት።

የታጠበው ወረደ፤ አፉም ተዘጋ። ሳሙና የተጨመረበት ወጣ፤ አፉም ተከፈተ። ሁለቱም ወገን አንድ ቃል ሲመሰክሩ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ቮልት ከኋላዋ ሆኖ አይቶ፣ "በቃ፣ አራት ወር ያጨበጨብነው ለሳሙና ነው" አለ። ማንም አልሳቀለትም፤ እሱም ጋሽ ጠብታን ሲያይ አፉን ያዘ።

የሳምንቱ ስብሰባ ላይ ጋሽ ጠብታ ራሳቸው ተናገሩት። ኃላፊው ሰምቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ያየው እሳቸውን አልነበረም። ወደ ትንሿ ዶክተር ዞሮ፣ "እጅሽን እይው ያልኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወጥቶ ሥዕሉን ከበሩ ላይ ላጠው፤ ሙጫው ከቀለሙ ጋር ስለተላጠ በሩ ላይ ዛሬም አራት ነጭ ነጥብ አለ። ሲመለስ መዝገቡን ጋሽ ጠብታ ፊት አኖረው።

"ሕጉን ያውቁታል" አላቸው።

ያውቁታል። አይፋቅም፣ አይቀደድም። ጋሽ ጠብታ በአንድ እስክሪብቶ በሦስቱ ምልክቶች ላይ መስመር አሰመሩ፤ በየጎናቸውም "ውሃው አልተቀየረም" ብለው ጻፉ፣ ቀን ጻፉ፣ ፈረሙ። ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰው ተቀምጦ ያያል። እስክሪብቶውን ከድነው መዝገቡን ወደ ኃላፊው ገፉት። ሰማያዊው፣ ጥቁሩና ወፍራሙ ከመስመሮቹ ሥር አሁንም ይነበባሉ፤ ጥበባቸው ሳይቀር ይታያል።

ከሥራ አልተባረሩም። ይባረራሉ ብለው ዕቃቸውን በካርቶን አሰናድተው ነበር፤ ኃላፊው ካርቶኑን አይቶ "ምንድን ነው ይሄ?" አለና አለፈ። መዝገቡ ላይ ግን አንድ ዓምድ ተጨመረ፦ "ያየ ሰው"። ከእንግዲህ ውሃ የሚቀይር ሰው ብቻውን አይፈርምም። ዓምዱ ሲሰመር ማንም በማን ምክንያት እንደሆነ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገም። አዲስ ሠራተኛ መጥቶ "ለምን ሁለት ፊርማ?" ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ ጠብታ ራሳቸው ይመልሳሉ። "በእኔ ምክንያት ነው" ይላሉ። ሰውየው ጨምሮ ከጠየቀ፣ ዳማውንም ይናገራሉ።

ትንሿ ዶክተር ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፈችው። ዘጠነኛው አልወጣም፤ ሳሙና እንዴት ትራንዚስተርን እንደሚያስዋሽ የሚያሳይ ገጽ ሆኖ ቀረ። የዐሥራ ሰባተኛው ቅምር ቁጥር የዘጠነኛውን ሩብ እንኳ አይደርስም። በወሩ መጨረሻ ሰሞን ጋሽ ጠብታ ብልቃጥ ሊያደርሱ ገብተው ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ አዩት። የሚሄደው መስመርና የሚመለሰው መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ተኝተዋል፤ ዓይን አይለያቸውም።

"ተዘጋ" አሉ፣ ሳያስቡት።

"አዎ" አለች። ጓንቷ አንድ ብቻ ነበር። "ይሄ የእጄ ነው።"

የእጃችን አላለችም። ጋሽ ጠብታም ያንን ሰሙ፤ ልክ ነውም አሉ በልባቸው። ብልቃጡን አስቀምጠው ወጡ።

ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ብርጭቆው ፊት ቆመው ሲጠብቁ በሩ ተከፈተ። የማየቱ ተራ የትንሿ ዶክተር ነበር።

"ቀየሩት?"

"ገና ነው፤ የሚያይ ሰው እየጠበቅኩ ነው።"

አሮጌውን ውሃ ደፉ፣ አዲሱን ሞሉ፣ ከረጢቱን በቀስታ መልሰው ነከሩት። ሰማያዊው ከረጢት አንዴ ተንሳፎ ረጋ። እሳቸው ፈረሙ። እሷ ስትፈርም ያየችው ውሃውን እንጂ ፊታቸውን አይደለም።

"ነገ ጧት ሁለት ሰዓት" አለች በሩ ላይ ሆና።

"እገኛለሁ" አሉ ጋሽ ጠብታ።